የጭላን ገደል በየትኛው ሌንስ እናንሣ

የጭላ ወንዝ ድልድይ ጠያቂ ኮሚቴ ሦስተኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ሰኞ ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት እንዲጀመር የተጠራው ስብሰባ፣ ከወገዳ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቀው ጭላ አፋፍ፣ ቀድሞ የእህል ጎተራ በነበረው የጽሕፈት ቤት ክፍል፣ በአራት ሰዓት ከሩብ ተጀመረ። የዘገየው ሰብሳቢው ዘር ስለሚያስዘሩ ነው። ከአምስቱ አባላት አምስቱም በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። አምስተኛው ጸሐፊው ሲሆን ይቆጠራል እንጂ ድምፅ አይሰጥም።

የተገኙ፦

፩. ፊታውራሪ ዋለ ተሰማ፣ የአፋፉ ባለርስት፣ ሰብሳቢ
፪. መሪጌታ ገብረ ሥላሴ፣ የደብሩ መሪጌታ፣ አባል
፫. ባላምባራስ ማሩ እንግዳ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ተወካይ፣ አባል
፬. አቶ ጌጡ አይናለም፣ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር፣ አባል
፭. መንግስቴ ተክለ ማርያም፣ ጸሐፊ

በጥሪ የተገኙ፦ ከጎንደር የመጡት ፎቶግራፍ አንሺ አቶ ቀለመ ወርቅ በላይነህ።

ሳይጠሩ የተገኙ፦ ከማዶ የመጡት ባለጉዳይ ወይዘሮ ሐረገ ወይን። ካለፉት ሁለት ስብሰባዎችም አልቀሩም። ወንበር ስላልበቃ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ ከጎንደር ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት የመጣው ደብዳቤ በጸሐፊው እንዲነበብ አዘዙ። ደብዳቤው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ በሚመጣው ዓመት ሁለት የእግረኛ ድልድዮች ይሠራሉ። ጠያቂዎቹ አምስት ናቸው። እያንዳንዱ ጠያቂ የወንዙ ጥልቀትና ስፋት የሚታይበት አንድ የመልክአ ምድር ፎቶግራፍ እስከ ሰኔ ፴ ቀን ያቅርብ። ፎቶግራፍ ያላቀረበ አይታይለትም። ሰብሳቢው ደብዳቤው ግልጽ መሆኑን ገልጸው፣ ይሁን እንጂ ብዙ ውይይት የሚጠይቅ መሆኑን አስታወቁ።

አጀንዳ ፩፦ ስለ ፊልም

አቶ ቀለመ ወርቅ ካሜራቸው ከትንሿ የእጅ ካሜራ የሚበልጥ፣ ጨርቅ ተከናንበው የሚያነሡበትን ትልቁን ካሜራ ደግሞ የማያህል መካከለኛ እንደሆነ አስረዱ። ፊልሙ ሰፊ በመሆኑ ድንጋይና ቅጠል ለይቶ ያወጣል፤ ነገር ግን አንዱ ጥቅል ከአሥራ ሁለት ፎቶግራፍ በላይ አይዝም። ከጎንደር አራት ጥቅል ይዘው መጥተው ነበር፤ አሁን የቀረው አንድ ነው።

ሦስቱ የት እንደደረሱ ባላምባራስ ማሩ ጠየቁ። ፎቶግራፍ አንሺው ሲመልሱ፣ ቅዳሜ በሰኔ ሚካኤልና በማግስቱ እሑድ፣ ሌንሶቹ ይፈተሹ ተብለው ታዘው፣ ፊታውራሪን ከነቤተሰባቸው፣ መሪጌታን ከነካባቸው፣ ራሳቸውን ባላምባራስንም ከነጠመንጃቸው ሲያነሡ መዋላቸውን ገለጹ። ባላምባራስ ጥያቄያቸውን ተዉት።

ከብዙ ውይይት በኋላም፣ ሦስቱ ጥቅሎች የአባላት የግል ንብረት ስለሆኑ ኮሚቴውን እንደማይመለከቱ፣ ማየትም ሆነ ማኅተም እንደማያስፈልጋቸው በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ ፪፦ ስለ ሌንስ ምርጫ

አቶ ቀለመ ወርቅ በጠረጴዛው ላይ ነጠላ አንጥፈው አራት ሌንሶች ደረደሩ። አንዱ ባለ ሃምሳ ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው ባለ ሰማንያ፣ ሦስተኛው ባለ መቶ ሃምሳ፣ አራተኛው ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። ቁጥሩ ካነሰ ብዙ አገር ይገባል፤ ቁጥሩ ከበዛ ጥቂት አገር ይገባል፣ የገባውም ቀርቦ ይታያል ሲሉ አስረዱ። ለገደሉ የሚሻለው ባለ ሃምሳው ነው። ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ቋጥኝ ሆነው፣ ከፊት ሰው አቁመው ቢያነሡ፣ በሰውየው ቁመት የገደሉ ጥልቀት ይለካል፤ ውሃውም፣ ወዲህና ወዲያ ያለው አፋፍም አብሮ ይወጣል። በባለ ሁለት መቶ ሃምሳው ግን ማዶው ተስቦ ወዲህ ይመጣና ሁለቱ አፋፎች የተያያዙ ይመስላሉ፤ ያየው ሁሉ ድልድይ ለምን አስፈለጋቸው ይላል።

ይህን ማብራሪያ ሦስት ጊዜ ሰጥተዋል። ጸሐፊው ወረቀት ለመቆጠብ አንድ ጊዜ ብቻ መዝግቧል።

ሰብሳቢው አመስግነው፣ አንድ ነገር ግን እንዳልገባቸው ገለጹ። ይኸውም አገር የሚያውቃቸው ባለማዕረጎች የተቀመጡበት ኮሚቴ በምን ምክንያት ከሁሉ ያነሰውን ቁጥር እንዲወስድ እንደሚመከር ነው። አቶ ጌጡም ሐሳቡን ደግፈው፣ በትምህርት ቤታቸው ከመቶው ሃምሳ ያመጣ ተማሪ ለጥቂት ያልፋል እንጂ እንደማይሸለም አስረዱ። ፎቶግራፍ አንሺው ቁጥሩ ማርክም ማዕረግም አለመሆኑን ለአራተኛ ጊዜ ሊያስረዱ ሲሉ፣ ተራ ጠብቀው እንዲናገሩ ተነገራቸው።

መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ነገሩ በትርጓሜ እንዲታይ ጠየቁ። ተፈቀደላቸው። ሰማንያ ማለት የብርቱ ሰው ዕድሜ ነው፤ አንድም ባልና ሚስት የሚተሳሰሩበት ውል ነው፤ አንድም ሽማግሌ አርቆ የሚያይበት ዓይን ነው ሲሉ አብራሩ። ወደ መቶ ሃምሳ ተሻግረው በመዝሙረ ዳዊት ቁጥር ሊተረጉሙት ሲጀምሩ ሰብሳቢው ሰዓት ጠየቁ። አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ባላምባራስ ማሩ ባለ ሃምሳው ይሁን አሉ። ፎቶግራፍ አንሺው ደስ ብሏቸው ቀና አሉ። ባላምባራስ ግን ምክንያታቸውን ሲያስረዱ፣ በሰፊው ሌንስ ከአፋፉ ሥር ያለው የጋራ ግጦሽ አብሮ ስለሚወጣ፣ ግጦሹ ከየት እስከ የት እንደታረሰና ማን እንዳረሰው ጎንደር ድረስ እንዲታይ ነው አሉ። ሰብሳቢው ግጦሹ እንዳልታረሰ፣ ሣሩ እንዲታደስ ብቻ በማረሻ እንደተነካካ አስረዱ። ባላምባራስ፣ ታዲያ የተነካካው ለምን በቆሎ አበቀለ ሲሉ ጠየቁ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ አባላት የግል ሐሳብ ስለተለዋወጡ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ቆየ። ነገሩ የአያት ስም እስኪነሣ ድረስ ደርሶ፣ በመሪጌታ መስቀል በረደ።

ሰብሳቢው ከተረጋጉ በኋላ፣ አዲሱን የቆርቆሮ ቤታቸውን አሳይቶ ከቤቱ በታች ያለውን ተዳፋት የሚተው ሌንስ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ቀለመ ወርቅ፣ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳው ይህን ያደርጋል፤ ነገር ግን ገደሉንም አብሮ ይተወዋል አሉ። ሰብሳቢው ከዚህ መልስ የመጀመሪያው ግማሽ በቃለ ጉባኤው እንዲገባ አዘዙ። ጸሐፊው ሁለቱንም አስገብቷል።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ሐረገ ወይን ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ። በአጭሩ እንዲሆን ተፈቀደላቸው። ባለቤታቸው ባለፈው ነሐሴ ለታመመ ሰው መድኃኒት ሊያመጡ ወደዚህ ሲሻገሩ ጭላ እንደወሰዳቸው፣ አስከሬናቸውም በሦስተኛው ቀን እንደተገኘ ኮሚቴው ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ሰምቶ መዝግቧል። አሁን ያሉትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦

«ልጄ ውባለም ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች። ሐኪም ያለው በዚህ በኩል ነው፤ እሷ ያለችው በዚያ በኩል ነው። ድልድዩ ለዘንድሮ እንደማይደርስ አላጣሁትም ጌቶቼ። ለከርሞዋ ወላድ ይድረስ ነው የምለው። ሰውየው የሚበጀውን ነግረዋችኋል፤ ያን አንሡልን።»

ኮሚቴው ሐዘኑን ገልጾ፣ ወደ ተያዘው ጉዳይ ተመለሰ።

ከብዙ ውይይት በኋላ፣ አባላቱ አንድ ሌንስ በጋራ መምረጥ ስላልቻሉ፣ ሌንሶቹ በማዕረግ ቅደም ተከተል እንዲደለደሉ ተወሰነ። ባለ ሁለት መቶ ሃምሳው ለሰብሳቢው ሆነ። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ከፊታውራሪ መብለጥ እንዳለባት ተከራክረው፣ በሰማይ እንደዚያ መሆኑ ታምኖላቸው ባለ መቶ ሃምሳውን ተቀበሉ። ባለ ሰማንያው ለባላምባራስ ማሩ ተሰጠ። ፎቶግራፍ አንሺው ይህ ሌንስ ሰው በዓይኑ እንደሚያየው አድርጎ የሚያሳይ ነው ሲሉ፣ ባላምባራስ መንገደኛ ሁሉ እንደሚያየው ማየት ለማዕረጋቸው እንደማይመጥን ተቃወሙ፤ ስሙ በመዝገብ «ዋናው ሌንስ» ተብሎ እንዲገባላቸው ተደርጎ ተስማሙ። ባለ ሃምሳው ለሕዝብና ለትምህርት ተብሎ ለአቶ ጌጡ ተረፈ። አሥራ ሁለቱ ፎቶግራፎች ለአራቱ አባላት ሦስት ሦስት ተካፈሉ።

ወይዘሮ ሐረገ ወይን ገደሉ የማን ድርሻ እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው ሲመልሱ፣ ገደሉ ትልቅ ነገር ስለሆነ በአንዱ ወይም በሌላው መግባቱ እንደማይቀር አረጋገጡላቸው።

ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴው በሥራው ቦታ ተገኝቶ የሚከተለው ተከናወነ።

በሰብሳቢው ድርሻ የቆርቆሮው ቤት ተነሣ። ሁለተኛው ቤቱ ከሰብሳቢው በቅሎ ጋር ነው። በሁለተኛው በቅሎዋ ስለተነቃነቀች ሦስተኛው ለበቅሎዋ ሆነ። በመሪጌታ ድርሻ ደብሩ ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ ዙሪያውን ዛፍ ስለሸፈነው የተነሣው ዛፉ ነው። ባላምባራስ ማሩ፣ ባለቤት የማይታይበት መልክአ ምድር ወና ይመስላል ብለው ሦስቱንም ራሳቸው ከመሐል ቆሙ። ፎቶግራፍ አንሺው የታዘዘው አገር እንጂ ሰው አይደለም ቢሏቸው፣ ከበስተኋላቸው ያለው አገር መሆኑን አሳዩ። የአቶ ጌጡ ሁለቱ ትምህርት ቤቱ ከነሰንደቅ ዓላማው ናቸው።

አሥራ ሁለተኛው ቀረ። አቶ ጌጡ ለእርሱ የመምህራኑን መኖሪያ አስበው ነበር። ወይዘሮ ሐረገ ወይን ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ነበር። አቶ ጌጡ እሳቸውን አይተው፣ ከዚያ ወዲያ ወዲህ ብለው፣ ይህቺ ለገደሉ ትሁን አሉ። ሰብሳቢው ሳይፈቀድ አይሆንም ሲሉ፣ ድርሻቸው የራሳቸው እንደሆነ መለሱ። በዚህ ኮሚቴ ሰው የሠራው ሥራ ምንድን ነው ብባል የምቆጥረው ይህን ነው።

አቶ ቀለመ ወርቅ ባለ ሃምሳውን ገጠሙ። ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተሸክመው ወደ ቋጥኙ ወረዱ። ወይዘሮ ሐረገ ወይንን ከጫፉ ሁለት ክንድ ያህል መለስ አድርገው አቆሟቸው። ከእግራቸው ሥር ካለው ጠጠር ጀምሮ እስከ ማዶው ድረስ ሁሉ ጠርቶ እንዲወጣ የሌንሱን ቀዳዳ አጠበቡት፤ ከዚያ ደመናው ከገደሉ ውስጥ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። አባላቱ በዚህ መሐል ጾም ስለሆነ ጉልበት እንዳጡ አመለከቱ።

ፎቶግራፍ አንሺው ከማንሣታቸው በፊት ጸሐፊው በካሜራው አናት ባለው መስተዋት ጎንበስ ብሎ እንዲያይ ፈቀዱለት። ግራና ቀኙ ተገለባብጦ ይታያል። ሴትዮዋ ትንሽ ሆነው ከፊት አሉ፤ ከኋላቸው መሬቱ ያልቃል። የሚወርዱበት መንገድ እንደ ክር ቀጥኖ ታች ይጠፋል፤ ከታች ደፍርሶ የሚሄደው ውሃ አለ፤ ሕፃን ያዘለች ሴት የምትወርደው በዚያ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት እዚህ አፋፍ ላይ ስኖር ገደሉ ይህን ያህል መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ደስ አለኝ፤ ይህን ያየ ሰው ድልድይ አይከለክልም ብዬ አመንሁ። ይህ የጸሐፊው የግል አስተያየት ስለሆነ ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝ ተብሎ ታዝዟል። አልሰረዝሁትም።

አጀንዳ ፫፦ ስለ ማረጋገጫ

ኮሚቴው በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ወደ ጽሕፈት ቤቱ ክፍል ተመልሶ፣ አቶ ቀለመ ወርቅ ጥቅሉን ከካሜራው አውጥተው በወረቀቱ አሽገው ሊይዙ ሲሉ፣ ሰብሳቢው ደንቡን አስታወሱ። ከዚህ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ ማስረጃ ሁሉ በአባላት ዓይን ታይቶ፣ በላዩ ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት ነው የሚወጣ። ባለፈው ዓመት ለእርሻ ትርዒት የተላከው የጤፍ ናሙና እንኳ ከከረጢቱ ተዘርግፎ ታይቶ፣ ለቅሞ መመለሱ አንድ ቀን ፈጅቷል።

አቶ ቀለመ ወርቅ ፊልም ገና በጨለማ ቤት በመድኃኒት ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ብርሃን ካየ እንደሚጠፋ፣ ስለዚህ ማኅተሙ በመጠቅለያው ላይ እንዲመታ ለመኑ። ሰብሳቢው በመጠቅለያ ላይ የሚመታ ማኅተም የመጠቅለያው ማኅተም መሆኑን አስረዱ። መሪጌታ፣ በኮሚቴ ፊት የተሠራ ሥራ ከብርሃን የሚሸሸው ምን ቢኖርበት ነው ሲሉ ጠየቁ። ባላምባራስ ማሩ በበኩላቸው፣ በሰብሳቢው ድርሻ ውስጥ ግጦሹ እንዳይገባ ተብሎ የተደረገ ነገር ይኖራል ብለው ስለጠረጠሩ፣ ይከፈት አሉ። በዚህ ስብሰባ ፊታውራሪና ባላምባራስ የተስማሙበት ጉዳይ ይህ ብቻ ነው። አቶ ጌጡ ተቃወሙ። ድምፅ ተሰጥቶ ሦስት ለአንድ ሆነ።

ወይዘሮ ሐረገ ወይን ከበሩ ገብተው የመሪጌታን መስቀል ተሳልመው፣ ሰውየው የሚሉት እውነት ቢሆንሳ ሲሉ ጠየቁ። መሪጌታ፣ እውነት ከሆነ ይታያል ሲሉ አጽናኗቸው።

ጥቅሉ በመስኮቱ ብርሃን ተዘረጋ። ከጀርባው ጥቁር ወረቀት ያለው፣ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ግራጫ ነገር ነው። አባላቱ ተራ በተራ አዩት። መሪጌታ መነጽራቸውን አጥልቀው ከሁለቱም በኩል መረመሩት። ቤት የለም፤ ዛፍ የለም፤ ባላምባራስም የሉም። ይሁን እንጂ ደንብ ደንብ ስለሆነ በአሥራ ሁለት ቦታ ማኅተም ተመትቶበት በየማኅተሙ ግርጌ ተፈርሟል። ማኅተሙን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። አልመታም ማለት እችል ነበር፤ አላልሁም፤ መታሁት።

ሰብሳቢው ፎቶግራፍ አንሺው ኮሚቴውን ቀኑን ሙሉ በባዶ ካሜራ ሲያዞሩ እንደዋሉ ገልጸው፣ የሚሉት ካለ እንዲናገሩ ዕድል ሰጧቸው። አቶ ቀለመ ወርቅ ሌንሶቻቸውን በነጠላው እየጠቀለሉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣

«ነበር፤ አሁን የለም» አሉ።

ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ከብዙ ውይይት በኋላ፣ አልነበረም የሚለው በድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

አቶ ጌጡ ሌላ ፊልም ከጎንደር ይመጣ እንደሆነ ጠየቁ። በበቅሎ ንፋስ መውጫ ድረስ፣ ከዚያ በመኪና ጎንደር ሄዶ ለመመለስ ሰኔ ፴ እንደሚያልፍ፣ ወንዞቹም እንደሚሞሉ ተረጋገጠ። ሦስቱ ጥቅሎች ግን ተሸፍነው በፎቶግራፍ አንሺው ሣጥን ውስጥ በደኅና እንዳሉ፣ የግል ንብረት ስለሆኑ እንዳልተከፈቱ ተገልጿል። የአባላቱ ምስል ጥሩ ሆኖ እንደሚወጣ አቶ ቀለመ ወርቅ አረጋግጠዋል።

አጀንዳ ፬፦ ውሳኔ

ከብዙ ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ. በአጀንዳ ፪ የተደረገው የሌንስ ድልድል ተሽሯል። የትኛውም ሌንስ ከየትኛውም እንዳይበልጥ፣ አንዱም እንዳልተመረጠ ይቆጠር።

ለ. ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተደረገው ጉዞ እንዳልተደረገ ይቆጠር።

ሐ. ለጎንደር እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ ኮሚቴው ሥፍራውን በአራት ሌንስ በሚገባ ካስመረመረ በኋላ በፊልሙ ላይ ገደል አለመገኘቱን በትሕትና ያስታውቃል።

መ. ገደል ስላልተገኘ የድልድዩ ጥያቄ እንዳልቀረበ ይቆጠር።

አቶ ጌጡ በተራ ፊደል ሐ ላይ አልፈርምም ብለው ስማቸው በተቃውሞ ተመዝግቧል። ወይዘሮ ሐረገ ወይን ውሳኔው ሲነበብ አደመጡ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣

«እኔ እኮ ጫፉ ላይ ቆሜ ነበር» አሉ።

ሰብሳቢው በውሳኔ ለ መሠረት እንዳልቆሙ አስረዷቸው።

በዚህ መካከል በሰሜን በኩል ዝናብ እንደያዘና ጭላ ድምፁ እንደተለወጠ ባላምባራስ ማሩ አሳሰቡ። ማዶ የሚሻገሩ ሁሉ ወንዙ ሳይሞላ አሁኑኑ መውረድ ስላለባቸው ስብሰባው ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ተዘጋ። ባላምባራስ ወይዘሮ ሐረገ ወይንን ከፊታቸው አስቀድመው ወጡ።

ኮሚቴው ከመበተኑ በፊት የሚቀጥለውን ስብሰባ ቀን ቆርጧል። ሐምሌና ነሐሴ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም የማዶው ተወካይ በክረምት ወንዙን ተሻግረው መምጣት ስለማይችሉ፣ ቢሞክሩም ለሕይወታቸው ስለሚያሰጋ፣ ውሃው እስኪጎድል ተጠብቆ ሐሙስ መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. እንዲሆን ያለ አንዳች ተቃውሞ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።